ኦራል 4320 ለጉብኝት፦ ከኮምቦልቻ የተሰጠ ግምገማ

ከወታደራዊ አገልግሎት የወጣ ኦራል፣ ማለትም ባለ ስድስት ጎማ የሶቭየት ሥሪት ከባድ መኪና፣ ገዝቶ ለጉብኝት ማዋል የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ገዢው ለፍሬኑና ለጎማው ለይቶ ያስቀመጠው ገንዘብ ነው። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በሽርክና የያዝነው ኦራል 4320 መቆሚያው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ ጉዞው በአንድ በኩል በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ፣ በሌላ በኩል በደሴ አድርጎ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ተንታና ወደ ጃማ ነው። ከ1,000 ሜትር ከፍታ በታች ከሆነው የሚሌ ሙቀት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የጉጉፍቱ ብርድ በአንድ ቀን መውጣት የሚቻልበት አካባቢ ስለሆነ፣ መኪናው በዚህ ያሳየው ጠባይ ሌላ ቦታ ለሚገዙትም ሚዛን ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የሞዴሉ ምርጫ ይቅደም። ስድስቱም ጎማዎቻቸው ኃይል ከሚያገኙት የሶቭየት ሥሪት ወታደራዊ መኪኖች መካከል በአገራችን ገዢ የሚያጋጥሙት በአብዛኛው ሦስት ናቸው። በሞስኮ የተሠራው ዚል 131 ባለ 6 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር አለው፤ በሚያስ ከተማ ከተሠሩት ኦራሎች አሮጌው 375 ባለ 7 ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የወጣው 4320 ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 210 የፈረስ ጉልበት የካማዝ 740 ናፍጣ ሞተር ይዟል። ኦራል 375 በዋጋው ያማልላል፤ ሆኖም ለ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር የማያንስ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ለጉብኝት መግዛት ማደያ ደጃፍ ለመኖር መወሰን ነው። ዚሉ ቀለል ያለና ለጠባብ መንገድ የሚመች ቢሆንም እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል፤ በዚያም ላይ የሬዲዮ መገናኛን እንዳያውክ ተብሎ በብረት የተሸፈነው የእሳት ማቀጣጠያ ሥርዓቱ ሲበላሽ ተመሳሳይ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። 4320 ለ100 ኪሎ ሜትር ከ30 ሊትር በላይ ናፍጣ ይወስዳል፤ በዳገትና በሪዶታ (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት በሚጨምረው ማርሽ) ከዚያም በእጅጉ ይጨምራል። ቢሆንም የ300 ሊትር ታንከሩ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ማደያ የሌለበትን ቆላ ዞሮ ለመመለስ ያስችላል። ከሦስቱ የምመክረው ይህን ብቻ ነው። ከአውሮፓ ባለ ስድስት ጎማ ፒንዝጋወር ስለ ማስመጣት የሚያስቡም አሉ፤ መኪናው ለተራራ መንገድ የተመቸ ቢሆንም፣ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከፍ ካለ ወዲህ ሒሳቡ አይወጣም።

ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመናገር በፊት ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። የ4320 የመጀመሪያው ሞተር ተርቦ የለውም። ደሴ ባለችበት ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በወረቀት ላይ 210 የሆነው የፈረስ ጉልበት እዚህ ሲደርስ በግምት ወደ 160 ይወርዳል። ባዶውን ከ8 ቶን በላይ ለሚመዝን መኪና ይህ ብዙ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ሲወጣ ኤፍ ኤስ አር የሚባሉት የአይሱዙ ጭነት መኪኖች እየቀደሙት ይሄዳሉ፤ ለዚህ የሚያፍር ሰው ኦራል አይግዛ። የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ አየር ተስተካክሎ ሳለ በደጋ ሲነዳ አየር ያነሰው ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የጭሱም ሙቀት ከሚገባው በላይ ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ በደሴ ዙሪያ የሚሠራ ሰው በፖምፓ ባለሙያ የናፍጣውን መጠን በጥቂቱ ማስቀነስ ይኖርበታል። ውኃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ በመሆኑ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን በቆላ ምንም ሳያሳይ ሰንብቶ በደጋ ያጋልጣል። በአንጻሩ፣ ለሳይቤሪያ ክረምት ታስቦ የተገጠመው የሞተር ማሞቂያ ምድጃ ለወሎ ምንም ጥቅም የለውም፤ እኛ አውልቀን በቦታው የመፍቻ ሣጥን አስቀምጠናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የኦራል ፍሬን በነፋስ የሚታገዝ የፈሳሽ ፍሬን ነው፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ነፋሱ የፍሬን ዘይት ሲሊንደሮችን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ በየጎማው ከበሮ ውስጥ ያለውን የፍሬን ሸራ ከፍቶ ከበሮው ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ መኪናው የነፋስ ፍሬንም የዘይት ፍሬንም ችግሮችን በአንድነት ይዟል ማለት ነው። ከነፋስ ታንከሮቹ ውኃው በየቀኑ ካልተፈሰሰ ቫልቮቹ ይዝጋሉ፤ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ በጊዜው ካልተቀየረ በረጅም ቁልቁለት ከከበሮው የሚመጣው ሙቀት ያፈላውና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ የሚወርድ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ የመንገደኞችን ሕይወት የያዘ ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች እንደሚያደርጉት፣ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ መውረድና የጭስ መውጫውን በመዝጋት ሞተሩን የሚያፍነውን ረዳት ፍሬን መጠቀም አለበት። ከገዛን በኋላ ወንበር ከመስፋታችን፣ ቀለም ከመቀባታችን በፊት የስድስቱንም ጎማ የፍሬን ሲሊንደሮች ፈትተን ላስቲካቸውን ቀይረናል፤ ከውስጣቸው የወጣው ዝገት ወጪው አላስፈላጊ ነው ብለው ሲከራከሩ የነበሩትን ባልደረቦቼን ዝም አሰኝቷል።

የእጅ ፍሬኑ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጠባይ አለው። የሚይዘው ጎማዎቹን በቀጥታ ሳይሆን ከረዳት ካምቢዮው (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስሎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ወደ ኋላ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ከኋላ ጎማዎች አንዱ በክሪክ ተነሥቶ ከመሬት ሲላቀቅ፣ ግራና ቀኙ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርገው ዲፈረንሻል የተነሣውን ጎማ እንደ ልቡ ስለሚያዞረው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦም ቢሆን መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ጎማ ከመፍታት በፊት የመካከለኛውን ዲፈረንሻል መቆለፍና በየጎማው ሥር ታኮ ማድረግ የግድ ነው። ይህን የማያውቅ ረዳት ከመኪናው ሥር አይግባ።

ጎማው ሌላው ትልቅ ወጪ ነው። ኦራል የሚጫማው 14.00-20 የሆነ ጎማ በደሴም በኮምቦልቻም ሱቅ ሄደው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። በጨረታ የሚወጡ መኪኖች ጎማቸው ጥርሱ ያላለቀ ሆኖ ስለሚታይ ገዢ ይደሰታል፤ ነገር ግን ለዓመታት ቆሞ ፀሐይ የመታው ላስቲክ በጎኑ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ጥርሱ ምንም ዋጋ የለውም። ቸርኬው በቀለበት የሚያዝ ዓይነት መሆኑንም መርሳት አይገባም፤ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ነፋስ ከተሞላ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ኮምቦልቻ ለከባድ መኪና የለመዱ ጎሚስታዎች ያሉባት ከተማ በመሆኗ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ማስረከብ ይሻላል፤ በየመንገዱ ዳር ባለ ኮምፕረሰር ግን አይሞከር።

የኦራል ትልቁ ጸጋ ያለውም በዚሁ በጎማው ላይ ነው። ሾፌሩ ከካቢናው ሳይወርድ፣ መኪናው እየሄደም ጭምር፣ የስድስቱንም ጎማ ነፋስ ከ3.2 እስከ 0.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ድረስ መቀነስና መልሶ መሙላት ይችላል። በክረምት የጃማን ዋልካ (ሲረጥብ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር) ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ወዲያው ይረዳል፤ ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ተዘርግቶ ጭቃውን ከመቁረጥ ይልቅ በላዩ ይሄዳል። በባቲና በሚሌ መካከል ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ በሚገኙት የደረቁ የወንዝ አሸዋዎችም እንዲሁ ነው። እጅግ በወረደ ነፋስ ግን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ጎማውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ነፋሱ የሚያልፈው በአክስሉ ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ በዚያ ያሉት የላስቲክ ማገጃዎች ሲያልቁ ጎማዎቹ ማታ ሞልተው ጧት ተኝተው ይገኛሉ። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ጎማ ላይ መዝጊያ ቧንቧ ተሠርቷል፤ መኪናው ለሌሊት ሲቆም ስድስቱንም መዝጋት የሾፌሩ የመጨረሻ ሥራ ሊሆን ይገባል። ማገጃዎቹ ርካሽ ናቸው፤ እነርሱን ለመቀየር ግን ጎማውንና ከበሮውን ማውረድ ስለሚጠይቅ ከፍሬን ጥገናው ጋር በአንድ ጊዜ ቢሠራ የጉልበት ዋጋው አንድ ብቻ ይሆናል።

ለግዢ የቀረበውን መኪና ሲያዩ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አያታልልዎት። ወታደራዊ መኪና ጥቂት ተነድቶ ብዙ ዓመት የሚቆም ስለሆነ ችግሩ የመንዳት ሳይሆን የመቆም ነው፦ የደረቀ ላስቲክ፣ የዛገ የናፍጣ ታንከር፣ የተጣበቀ የፍሬን ሲሊንደር። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን በጧት ሳይታሰብ መምጣት ጥሩ ነው። ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ ከተነሣ በኋላ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ትንፋሽ ብዙ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) አልቀዋል ማለት ነው። የነፋሱ ጌጅ ሲሞላ ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅና መርፌው ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሪዶታ አስገብቶ በሁሉም ማርሽ መንዳት፣ በመጨረሻም ከሥሩ ገብቶ ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነና በየጎማው ከውስጥ በኩል ዘይት ያንጠባጠበ መሆኑን መመልከት ነው። ይህን ሁሉ እንዲያደርጉ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ወረቀቱ ከብረቱ ይበልጣል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር በፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ ሻጩ ግለሰብ ከሆነ መኪናው ከመሥሪያ ቤቱ የወጣበት የሽያጭ ሰነድና ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤትነት ሰንሰለት ሙሉ መሆን ይኖርበታል። ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈል በፊት ሰነዶቹን ይዞ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድና ታርጋው ለታሰበው አገልግሎት ሊሰጥ መቻሉን፣ በክፍያ ሰው ለማጓጓዝ ከሆነም የትኛው መንጃ ፈቃድና የትኛው መድን እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ካሶኒውን፣ ማለትም ክፍቱን የጭነት ማስቀመጫ፣ አንሥተው በቦታው የመንገደኛ ሣጥን የሚገጥሙ ሰዎች የሚፈጽሙት ተደጋጋሚ ጥፋት ሣጥኑን በአራቱም ማዕዘን ከሻንሲው ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። የኦራል ሻንሲ በጎርበጥባጣ መንገድ እንዲጣመም ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ የተቸነከረው ሣጥን በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ይሰነጠቃል። ሣጥኑ በሦስት ነጥብ ብቻ፣ አንዱም እንደ ልብ በሚወዛወዝ ማጠፊያ ላይ ቢቀመጥ ሻንሲው ሲጣመም ሣጥኑ ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ ኮምቦልቻ ያሉት የብየዳና የቶርኖ ባለሙያዎች ሥዕሉ ከተሰጣቸው ይህን በሚገባ ይሠራሉ። ከባዱ ዕቃ፣ በተለይ ውኃው፣ ከታች መሆን አለበት፤ በጣሪያ ላይ በርሜል የጫነ ኦራል በጎን ተዳፋት ላይ አስፈሪ ነው። ቁመቱም ታስቦ ይሠራ፤ በደሴ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዝቅ ብለው የተዘረጉ ሽቦዎች ስላሉ ከፍ ያለ ሣጥን በየሰፈሩ ጠብ ያስነሣል። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት በመሆኑ ለስልክና ለማቀዝቀዣ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ለ12 ቮልት መጥለፍ ያንኑ ባትሪ ቶሎ ይገድለዋል።

ስለ ጥገና ስናወራ ኮምቦልቻ ከደሴ የተሻለች ናት። የባቲና የሚሌ መስመር የከባድ መኪና መስመር በመሆኑ፣ ከባድ መኪና የሚያውቅ ጋራዥ፣ ባሌስትራ የሚሠራ አንጥረኛና ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ይገኝባታል፤ መሬቷም ሜዳ ስለሆነች ስምንት ቶን መኪና አንሥቶ ሥር መግባት እንደ ደሴ አያስፈራም። የሞተሩ ዕቃ ከካማዝ ጭነት መኪና ጋር የጋራ ስለሆነ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማፈላለግ ይቻላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) ያለው መሆኑም ትልቅ ዕረፍት ነው፤ አንዱ ሲያፈስ ሌሎቹን ሳይነኩ እርሱን ብቻ ማውረድ ይቻላል። የሦስቱም አክስሎች ዋና የማርሽ ክፍል እርስ በርሱ የሚተካካ ስለሆነ ከሌላ የወደቀ ኦራል አንድ መግዛት ለሦስቱም መጠባበቂያ መያዝ ነው። የማይገኘው የኦራል ብቻ የሆነው ነው፦ የነፋስ ማገጃዎች፣ የፊት አክስል መጋጠሚያዎች፣ የፍሬን ረዳት ላስቲኮች። እነዚህን ሲያልቁ ሳይሆን ሲገኙ መግዛት ይሻላል። ከዚህ ውጭ ሥራው ግራሶ፣ ማጣሪያና ዘይት ነው፤ ሞተሩ ብቻ ከ25 ሊትር በላይ ዘይት የሚይዝ ስለሆነ ግን ይህ ቀላል የሚመስለው ሥራ በዓመቱ ሒሳብ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ቀለሙን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ አረንጓዴ ኦራል ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ሕፃን ይሮጣል፣ ትልቅ ሰው ይደነግጣል። መኪናውን ነጭ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ወታደራዊ የሚመስለውን ሁሉ ማንሣት፣ ከመነሣትም በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ የጉዞው አካል ነው። በዝናብ ጊዜ የገበሬውን መንገድ አርሶ መሄድም አይገባም፤ እኛ የምናልፍበት ጭቃ በማግስቱ አህያ የምታልፍበት መንገድ ነው።

እንግዲህ ማን ይግዛው? የሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ቦሩ ሜዳን ወይም የባቲን የሰኞ ገበያ ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው ኦራል ከንቱ ወጪ ነው፤ እነዚህን ሁሉ ሚኒባስ ያደርሳል። ወደ መቅደላ ለሚሄድም ላንድክሩዘር ይበቃል፤ አጼ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ያረፉበትንና ሴባስቶፖል የተቀመጠበትን አምባ ለማየት የመጨረሻው ዳገት በእግር ስለሚወጣ ስድስት ጎማ ለዚያ የሚጨምረው የለም። እንዲያውም ጠባብ በሆነው የተንታ ጥምዝ መንገድ ላይ፣ ለመዞር ከ10 ሜትር በላይ ራዲየስ የሚፈልገው ኦራል ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲታጠፍ ትንሹ መኪና አልፎት ይሄዳል። ኦራል የሚያስፈልገው ከስምንት በላይ ሰው፣ የብዙ ቀን ውኃና ስንቅ ይዞ፣ መንገድ በሌለበት ቆላ ወይም በክረምት ዋልካ ውስጥ ለሚያድር ቡድን ነው። ለእንዲህ ያለው ቡድን፣ የግዢውን ዋጋ ያህል ሌላ ገንዘብ ለመጀመሪያው ጥገና ካለው፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መኪና በአካባቢያችን አላውቅም። ገንዘቡ ግዢው ላይ የሚያልቅ ከሆነ ግን መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሣር ይበቅልበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉብኝቱ ባያዋጣ ኦራልን የሚገዛው ሌላ ጎብኚ ሳይሆን ድንጋይ፣ እንጨት ወይም የጉድጓድ መቆፈሪያ ዕቃ የሚጭን ሰው ነው፤ እርሱም የሚጠይቀው ስለ ወንበሩና ስለ መስኮቱ ሳይሆን ስለ ካሶኒው ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ለመግጠም የተነሣው ካሶኒ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሳይሸጥ፣ ከነማሰሪያ ቡሎኑ በደረቅ ቦታ ተሸፍኖ ይቀመጥ።